ለአሮጌ ሳንቲም ነጋዴው ጥብቅና

«አሮጌ ሳንቲም ነጋዴ ማለት ለስሙ ሱቅ የከፈተ የቅርስ ሌባ ነው።» ይህን ፍርድ ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። በሻይ ቤት ይነገራል፤ በስብሰባ ይነገራል፤ ስለ ቅርስ ጥበቃ በተጻፈ ቁጥር ይደገማል። ለአፍ የሚመች ፍርድ ነው። ተናጋሪውን አምስት ሳንቲም ሳያስወጣው፣ ከወንበሩም ሳያስነሳው የአገር ተቆርቋሪ ያደርገዋል። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበልም። ከየቤቱ ሳጥንና ከየእናቱ አንገት ወጥቶ ወደ አንጥረኛ ማቅለጫ የሚወርደውን አሮጌ ገንዘባችንን መንገድ ላይ ቆሞ የሚያስቀር ሰው አለ ከተባለ፣ ይኸው ሌባ የምንለው ሰው ነው። እሱን ስናሸማቅቀው ሳንቲሙ አይድንም። ሳንቲሙ ከማን እጅ፣ ከየትኛው መንደር፣ በምን ምክንያት እንደወጣ የሚያውቀው አንደበት ግን ይዘጋል።

ሙግቴ በአየር ላይ እንዳይንጠለጠል ከመልካ ጀብዱ ልጀምር።

ድሬዳዋ ሲባል ከዚራን ከነዛፎቿ ጥላ፣ መጋላን፣ የቀፊራን ገበያና የደቻቱን አሸዋ ብቻ ለሚያስብ ጎብኚ መልካ ጀብዱ እንግዳ ስም ናት። ከከተማው ዳር ናት። ዛሬ ዛሬ ስሟ የሚነሳው ከኢንዱስትሪ ፓርኩና በነሐሴ 2014 ዓ.ም ከተመረቀው የነፃ ንግድ ቀጣና ጋር ተያይዞ ነው። ኮንቴይነር የጫነ መኪና፣ የፋብሪካ ፈረቃ የሚጠብቁ ልጆች፣ አቧራ፣ ባጃጅ፤ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛውና አማርኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀይጦ ይነገራል። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። በዚህች መሻገሪያ ላይ አሮጌ ብር የሚገዛና የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ዐውቃለሁ። ስሙን አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ የመጀመሪያው አንቀጽ ይነግራችኋል።

ሽማግሌ እያልኩ «እሱ» ማለቴ ለአዲስ አበባ አንባቢ ነውር መስሎ ሊታየው ይችላል። የድሬ ሰው አንቱታ እንደማይወድ የሚያውቅ ግን አይፈርድብኝም። በመጀመሪያው ቀን አንቱ ብለው «ምነው፣ የታመምኩ መሰልኩህ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ ተባብለን እንኖራለን።

ሱቁን ሱቅ ያሰኘው የቆርቆሮ በሩ ነው። ቁልፍ፣ መቀስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ያገለገለ ሰዓት ይሸጣል። ሳንቲሙ ያለው ከባንኮኒው ሥር፣ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ቆርቆሮውን ጨርቅ ላይ ሲገለብጠው የምሥራቁ የኢትዮጵያ መንገድ መቶ ምናምን ዓመት ታሪክ ይዘረገፋል። ጠገራ ብር አለ። የምኒልክ አላድ፣ ሩብና ተሙን አለ። የሕንድ ሩፒ፣ የጅቡቲ ፍራንክ፣ የቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ መልክ ያለበት ሊሬ፣ አንበሳ በተራራ ፊት የቆመበት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አለ። የ1923 ዓ.ም ማቶና አለ። 1936 የተጻፈባቸው የጃንሆይ ሳንቲሞች አሉ። ከሥር ደግሞ ማንም የማይፈልጋቸው፣ በ1969 ዓ.ም የወጡት የደርግ ባለ አምስትና ባለ አሥር ሳንቲሞች ተከማችተዋል። ይህን ዝርዝር በአንድ ጠረጴዛ ላይ አሰልፎ ለማየት ለሙዚየም ብዙ ዘመንና ብዙ በጀት ያስፈልገዋል። እዚህ አንድ የወተት ቆርቆሮ በቅቶታል። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ቡናውም፣ ቆዳውም፣ ጨርቁም፣ ወታደሩም፣ ስደተኛውም በዚህ በኩል አልፏል። የሚያልፍ ሁሉ ደግሞ ይከፍላል።

ስለ ጠገራው ትንሽ ልቆይ። ነጋዴው ምን እንደሚያውቅ የሚገባን በእሱ ነውና።

ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ ብር ነው። ሃያ ስምንት ግራም ከትንሽ ይመዝናል፤ ከአንድ ሺህ እጅ ስምንት መቶ ሠላሳ ሦስቱ ንጹህ ብር ነው። ሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት እ.ኤ.አ. 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት። ከሞተች በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈበት በቪየና ሲታተም ኖረ። አያቶቻችን ይህን ብር እንዲሁ አይቀበሉም ነበር። በራሷ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራሉ፤ በትከሻዋ ላይ ያለችውን ዘጠኝ ዕንቁ ያላትን ጌጥ ይመረምራሉ፤ የተፋቀውን ይመልሳሉ። ምኒልክ በፓሪስ ያሳተሙት፣ 1887 የተጻፈበት ባለ አንበሳው ብር በክብደትም በንጽሕናም ከጠገራው የሚያንስ አልነበረም፤ ያም ሆኖ ገበያው ሴቲቱን አልለቅም አለ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935 ጠገራውን የማተም መብት ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ያሳትም ጀመር፤ በኢትዮጵያ ምድር ለሚያደርገው ጦርነት የሚከፍለው፣ ኢትዮጵያውያን የሚያምኑት ገንዘብ ያስፈልገው ነበርና። ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስም ተከተሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ እንግሊዞች በሕንድ፣ በቦምቤይ አሳተሙት። እንግዲህ ልብ በሉ! አንድ ዓይነት የሚመስሉ፣ አንድ ዓመት የተጻፈባቸው ሁለት ጠገራዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ የወራሪው ስንቅ ሆኖ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ወራሪውን ለማስወጣት ከመጣው ጦር ኪስ የወደቀ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው በባለ ሁለት ራሱ ንስር የጅራት ላባና በጌጧ ዕንቁዎች አቀማመጥ ላይ ነው። የመልካ ጀብዱው ሰው ሮም የት እንዳለች በካርታ አያሳይም። ላባውን ግን በአውራ ጣቱ ይዳስስና «ይህች የጣሊያን ናት፤ ይህች የድሮዋ ናት» ብሎ ይለያል። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ገንዘብ ታሪክ የጻፉትን ያነበበ ምሁር ታሪኩን ይነግረናል፤ ሳንቲሙን ለይቶ መዳፋችን ላይ የሚያስቀምጥልን ግን ይኸኛው ነው። ሁለቱ ቢገናኙ ምን ነበረበት?

አይገናኙም። በመካከላቸው ሚዛን አለ።

ሚዛን ስል የአንጥረኛውን ሚዛን ማለቴ ነው። ጠገራ ለአንጥረኛ ጥሬ ዕቃ ነው፤ በግራም ይገዛዋል፤ ያቀልጠዋል፤ ቀለበትና አምባር ያደርገዋል። አንጥረኛውን አልወቅስም፤ ሥራው ነው፤ አባቱም አያቱም እንዲህ ሠርተው ነው ያሳደጉት። በዓለም ገበያ የብር ማዕድን ዋጋ በጨመረ ቁጥር ግን ሚዛኑ አፉን ይከፍታል። አንድ ቀን እዚያው ቆርቆሮ በር ላይ ቁጭ ብዬ ሳለ አንዲት ሴትዮ የአንገት ጌጥ ይዛ መጣች። በገመዱ ላይ ዛጎልና ጨሌ አለ፤ በመካከሉ ማንጠልጠያ የተበየደባቸው ሰባት ጠገራዎች። የአማቷ ነበር። ከከተማ አንጥረኛ ጋ አስመዝናው ነበርና ዋጋውን ታውቃለች። ሽማግሌው ከሚዛኑ ዋጋ ጥቂት ጨመረላት። ሳንቲም ሰብሳቢ የተበየደ ጠገራ አይወድም፤ ማንጠልጠያው ያበላሸዋል። ስለዚህ ጭማሪው ትርፍ ታይቶት አልነበረም። ከዚያ እየጠየቃት ነገሯን አወጣ፦ አማቷ የመጣችው ከቁልቢ በላይ ካለ ቀበሌ ነው፤ ብሮቹ የጥሎሽ ናቸው፤ ሰባተኛው በኋላ የተጨመረ፣ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ሲወለድ የተሰጠ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ሸኛትና ጌጡን ሳይፈታ እንዳለ በጨርቅ ጠቀለለው። «ለምን አትፈታውም?» ብለው «ከፈታሁትማ ሰባት ብር ነው» አለኝ።

ጌጡ በሚዛን ቢሄድ ኖሮ ወደ ሁለት መቶ ግራም የሚጠጋ ብር ነበር። አሁን የአንዲት ሴት ጋብቻና የአንድ ልጅ ልደት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ሕግ አይደለም፤ ሙዚየም አይደለም፤ የጋዜጣ ጽሑፍ አይደለም። ሌባ የተባለው ሰው ጥቂት ጨምሮ ስለከፈለና ስለጠየቀ ነው።

እዚህ ላይ ሌላውን ተከሳሽ ወደ ችሎት ማቅረብ አለብኝ፦ ገዢውን። ማለትም እኛን፣ ከተሜዎቹን። ከአዲስ አበባ ቅዳሜ ጠዋት በአውሮፕላን ይወርዳል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ባጃጅ ይይዛል። ሱቁ ውስጥ ገብቶ ቆርቆሮውን ያስገለብጣል። መጀመሪያ የሚያደርገው ማርከስ ነው፦ «ይሄማ ፎርጅድ ነው፤ ይሄማ ተፍቋል፤ ይሄማ ፒያሳ ሞልቷል።» ልቡ የወደደውን ሳንቲም አያነሳም፤ ዋጋ እንዳይጨምርበት የማይፈልገውን ያነሳል። ከዚያ ስልኩን ያወጣና በውጭ አገር ገበያ ሳንቲሙ ስንት እንደሚሸጥ ያያል፤ ለሽማግሌው ግን አያሳየውም፤ ስክሪኑን ወደ ደረቱ ያዞረዋል። በመጨረሻም በግራም ሒሳብ ገዝቶ ይሄዳል። ማታ ሆቴሉ በረንዳ ላይ «ቅርሳችን እያለቀ ነው» ብሎ ያዝናል።

ለመሆኑ ይህ ሰው ለነጋዴው ምን አስተማረው? ዝርዝር ዋጋ እንደሌለው አስተማረው። የሳንቲሙ ዘመን፣ የመጣበት መንደር፣ የጣለው ሰው፣ የያዘው ምክንያት አንድ ብር እንደማይጨምር አስተማረው። በሚቀጥለው ጊዜ ሴትዮዋ ጌጥ ይዛ ስትመጣ ሽማግሌው ምን ብሎ ይጠይቃታል? ለማን ብሎ? በግራም የሚገዛ ደንበኛ በግራም የሚያስብ ነጋዴ ይፈጥራል፤ በግራም የሚያስብ ነጋዴ ከአንጥረኛው በምን ይለያል?

ከሳንቲም ነጋዴ ጋር ወዳጅነት መመሥረት ያስፈልጋል የምለው ስለዚህ ነው። ወዳጅነት ስል ሻይ መጋባበዝ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ሻዩም ግን ይኑር። መጀመሪያ ደጋግሞ መሄድ ነው፤ በዓመት አንዴ ብዙ ከመግዛት በየወሩ አንዲት ስሙኒ መግዛት ይሻላል። እገዛለሁ ያሉትን መግዛት ነው። ብድር አለመጠየቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ከየት አመጣኸው?» አለማለት ነው፤ ይህ ጥያቄ በአገራችን የፖሊስ ጥያቄ ሆኖ ቀርቷል። በሦስተኛው ወር ግን መጠየቅ ነው፤ ሲመልስም መጻፍ። ለእሱ የሚጠቅመውን ይዞ መሄድም አለ፦ የእጅ ማጉያ መነጽር፣ ከዓለም አቀፉ የክራውዜ የሳንቲም ካታሎግ የኢትዮጵያን ገጾች ፎቶ ኮፒ። እኔ ፎቶ ኮፒውን ሳመጣለት የምኒልክን ብር ሥዕል አየና ከቆርቆሮው አንዱን አውጥቶ ጎን ለጎን አስተያየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳንቲም በሎሚና በአመድ ማሸት አቆመ። የታሸ ሳንቲም ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው እንደሚወርድ ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ስንት ደንበኛ እያየው! ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ዝም።

የወዳጅነቱ መፈተኛ ግን አንድ ነው፦ ነጋዴው ዋጋውን የማያውቀው ነገር እጃችሁ ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ? ከማጠቢያዎችና ከብሎን ቀለበቶች ጋር ተቀላቅሎ አንድ ቀላል፣ ግራጫ ሳንቲም ነበር፤ ከቁልፍ ጋር ይሸጥልህ ቢሉት የሚሸጠው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መባቻ፣ የጅቡቲ ንግድ ምክር ቤት ለዝርዝር ያወጣው ነበር። ለሰብሳቢ ከአንድ ጠገራ የበለጠ የሚያጓጓ ዕቃ ነው። ምን እንደሆነ ነገርኩት። ከእጄ ተቀብሎ አየው፤ መልሶ ዘረጋልኝና ዋጋ ጠራ፤ ከመጀመሪያው ጨምሮ፣ ግን ሳያጋንን። ገዛሁት። የአንገት ጌጡ ሴትዮ በመጣች ጊዜ ቁጭ በል ብሎ ያስቀረኝ ይህን ስላደረግሁ ይመስለኛል። አላዋቂ ሻጭን ማሞኘት ንግድ ነው የሚል ካለ አልከራከረውም፤ ቅርስ አድናለሁ ግን አይበለኝ።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ሁሉ ነገር ቅንጦት የሚመስለው ሰው አፉን ይስማ። «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ሲል ቤሳው ከሕንዱ ፓይሳ ጋር የሚዛመድ የሳንቲም ስም ነው። ሃምሳ ሳንቲምን «ሽልንግ» ሲል የኖረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በ1930ዎቹ አገራችን ውስጥ ስለተገበየበት ነው። «መሐለቅ» የሐረር አሚሮች ይመቱት የነበረ ሳንቲም ስም ነው። ስሙኒም የተሙን ዘመድ ይመስለኛል። ቃሉን በምላሳችን ይዘን ዕቃውን ለማቅለጫ እንሰጣለን።

ጠርዟ እንደ አበባ የተከረከመችውን የጃንሆይ ሃያ አምስት ሳንቲምስ ለምን እንዲህ እንደሆነች ስንቶቻችን ዐውቀናል? በመጀመሪያ ድፍን ክብ ነበረች። መዳብ ናት፤ ሃምሳ ሳንቲሙ ግን ብር ነበር። ብልጦች ሃያ አምስቷን ብር እየቀቡ ሃምሳ ናት እያሉ ሲያሳልፉ፣ መንግሥት ጠርዟን ከረከመው። ይህን ቆርቆሮው ባለበት ተቀምጬ ለአንድ የፋብሪካ ልጅ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀና አንዷን ገዛ። ሽማግሌው በዚያች ሽያጭ ያተረፈው የሻይ ዋጋ ነው፤ ልጁ ግን እስካሁን ይመላለሳል።

እሺ፣ «ሌባስ የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። አለ እንጂ! ቀልጦ የተቀዳ ጠገራ የሚሸጥ አለ፤ ጠርዙን ብታዩት በዙሪያው መጻፍ ያለበት የላቲን ጽሑፍ ደብዝዟል ወይም የለም። ጽሑፉ «ፍትሕና ምሕረት» ማለት ነው፤ ከሐሰተኛው ላይ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ከሳንቲም ጋር ደብቆ የሚሸጥም አለ። ከሁሉ የከፋው ከመሬት የወጣ የአክሱም ሳንቲም በኪስ ይዞ ድንበር የሚያሻግር ነው። ስለዚህኛው ቀልድ የለም። አክሱም ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ አሳትማለች፤ ስሙ በሳንቲም ላይ ከመጀመሪያ የሚገኘው ንጉሥ ኢንዱቢስ ነው። ከእሱ በኋላ ከነገሡት መካከል ሳንቲማቸው ባይገኝ ኖሮ መኖራቸውን እንኳ የማናውቃቸው ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ሳንቲም የወጣበት ጉድጓድ ሳይታወቅ ከተሸጠ፣ ሳንቲሙ ተመልሶ ቢመጣም የሚነግረን ግማሽ ነገር ጠፍቷል።

ለዚህ ሕግ አለን። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ላሳወቀውም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጥ ይላል፤ በእጁ ያለውን እንዲያስመዘግብ፣ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳያወጣ ይደነግጋል። መልካም ሕግ ነው። ጥያቄው መሬት ሲቆፍር ማሰሮ የመታው የቀን ሠራተኛ መጀመሪያ ማን ጋ ይሄዳል የሚለው ነው። መሥሪያ ቤት አይሄድም፤ ዕቃውን ተቀብለው ሥራውን አስቁመው እሱን የሚያስሩት ይመስለዋል። የሚሄደው የቆርቆሮ በር ወዳለው ሰው ነው። እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው! የመልካ ጀብዱው ሰው «አፈር የነካው ዕቃ እኔ ጋ አይገባም» ይላል፤ ፍርሃት ነው፤ ደግም ነው። ግን እምቢ ብሎ ሲመልሰው ዕቃው የት ይሄዳል? እምቢ ወደማይለው። እኛ ከነጋዴው ጋር ተነጋግረን ቢሆን ኖሮ «እኔ አልገዛም፤ ነገር ግን ሳትታሰር የምታሳውቅበትን ሰው ላገናኝህ» ሊለው ይችል ነበር። ዛሬ የሚያገናኘው ሰው የለውም።

እንግሊዞች በዚህ ነገር ብዙ ተጣልተዋል፤ የአርኪዎሎጂ ሊቃውንቱ በብረት መፈለጊያ መሬት የሚያስሱትን ሰዎች ዘራፊ ይሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ ከበረ ግኝት አዲስ ሕግ አወጡ፤ በማግስቱ በ1997 ደግሞ ባለሙያ በየአውራጃው መድበው ወደ ፈላጊዎቹ ማኅበራት ላኩ። ባለሙያው ይሄዳል፣ አብሯቸው ይቀመጣል፣ ያገኙትን ያያል፣ ይመዘግባል፣ ከተራው ግኝት አብዛኛውን መልሶ ይሰጣቸዋል። በዚህ መንገድ የተመዘገበው ዕቃ ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። ሩቅ አገር ነው፣ ሀብታም አገር ነው ብትሉኝ ሐረር ቅርብ ናት። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የእጅ ጽሑፉን፣ ጌጡን፣ ሳንቲሙን፣ የዘፈን ካሴቱን ከየቤቱ እየለመኑና እየገዙ ሰብስበው በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን ሙዚየም አቁመዋል። ሰው አያቱ የተወችለትን ዕቃ ይዞ ወደ እሳቸው የሚሄደው በማስታወቂያ ተጠርቶ ነው? ስላመናቸው ነው እንጂ።

እኔ አንድ ጊዜ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ፣ ግለሰብ የያዘውን አሮጌ ሳንቲም የሚያስመዘግብበት ቅጽ አለ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። ጸሐፊዋ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አለችኝ። በሁለተኛው ቀን ኃላፊው ተገኙ፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ሳንቲሙ አሁን የት ነው ያለው?» የሚል ሆነ። ስለ ቅጹ ጠይቄ ስለ አድራሻ ተጠየቅሁ። ሽማግሌውን እዚያ ይዤ ብሄድ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አሮጌ ገንዘብ የሚነግድ ሰው ፈቃድ ይሰጠው፤ በፈቃዱ ላይ የሚይዘውና የማይይዘው ተለይቶ ይጻፍ። ጠገራና የጃንሆይ ስሙኒ በአደባባይ ይሸጥ፤ ከአፈርና ከቤተ መቅደስ የወጣ አይሸጥ። ፈቃድ ላለው ሰው የግዢ ደብተር ይሰጠው፤ ቀን፣ ዕቃ፣ መንደር፣ ምክንያት። ቅርስ ባለሥልጣን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰው ልኮ ደብተሩን ያንብብ፤ ይውሰድ አላልኩም፣ ያንብብ። ፖሊስ ሳይሆን መነጽር የያዘ ሰው ይላክ።

እስከዚያው ደብተሩን ገዝቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ባለ ሃምሳ ሉክ። የሚጽፍለት የልጁ ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ናት። «ጠገራ 1፣ ከኤረር የመጣ ሰውዬ፣ ለልጁ መድኃኒት» ይላል አንዱ። «አላድ 2፣ ከሽንሌ፣ ፍየል ሞቶበት»። «ተሙን 1፣ መንገድ ላይ አገኘሁ ብሏል፣ አያቴ አላመነም»። የአንገት ጌጡ በሦስተኛው ገጽ ላይ አለ። እስካሁን አልተሸጠም፤ ሁለት ሰዎች ጠገራዎቹን ፈትተህ ሽጥልን ብለው መልሷቸዋል። ልጆቹ ግን አንዳቸውም ሥራውን አይፈልጉትም፤ አንዱ ፋብሪካ ገብቷል፣ ሁለተኛው ጅቡቲ ነው። ቆርቆሮው ከእሱ በኋላ የሚያልፈው ወደ ማን እንደሆነ ስጠይቀው ወደ ከተማው አቅጣጫ፣ አንጥረኞቹ ወዳሉበት በአገጩ አሳየኝ።

መሄድ የሚፈልግ ሰው ጠዋት ይሂድ። ከቀትር በኋላ የበርጫ ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት በድሬ ማንም ቆርቆሮ ገልብጦ ሳንቲም አያሳይም።